ሻንቆ የፋቀው ቃጫ

ሻንቆ ሶዶ በሚገኝ አንድ ቤተ ሙከራ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቴክኒሻን ሆኖ ሲሠራ፣ ስሙ የሰፈረው የዕቃ መረከቢያ ቅጽ ላይ ብቻ ነው። ዘንድሮ ግን አለቃው ዶክተር ናዲያ፣ "ካርቦኑ ከሠራ የጥናቱ ጽሑፍ ላይ ስምዎ ይገባል" አለችው።

ካርቦኑ የቡና ገለፈት ከሰል ነው፤ በሰልፈሪክ አሲድ ተቀቅሎ፣ እጣቢው የሊትመስ ወረቀት ማቅላት እስኪተው በፈላ ውሃ ይታጠባል። ሥራው የእንሰት ቃጫን ሰባብሮ ስኳር ማድረግ ነው። ፈሳሽ አሲድም ይህን ያደርጋል፤ ከስኳሩ መለየቱ ግን መከራ ነው። ካርቦኑ ማጣሪያው ላይ ይቀራል፣ ታጥቦ ይደገማል። ሻንቆ አሥራ አንዴ ያጥባል፤ በዚህ የሚያማው የለም።

የሚታማው በቃጫው ነው። ሻንቶ ከተማ የምትኖረው እህቱ አስካለች "ቅዳሜ እፍቅልሃለሁ" ብትለው መጠበቅ አቃተው። እንሰት መፋቅ የሴት ሥራ ነውና በሩን ዘግቶ በቢላ ጀርባ ፋቀ፤ ለናዲያ "እህቴ ፋቀችው" አላት።

ቃጫው ከካርቦኑና ከውሃ ጋር በታሸገ የብረት ዕቃ ውስጥ በመቶ ሃምሳ ዲግሪ ስድስት ሰዓት ቆየ። ስልሳ ስምንት በመቶ ስኳር ወጣ። ናዲያ እንዲህ መብዛቱን አላምን ብላ ሦስቴ ለካች።

"እህትዎ መጥተው አፋፋቁን ያሳዩን። ዘዴው መጻፍ አለበት።"

"ለቅሶ ላይ ናት።"

"ውይ፤ ስልካቸውን ይስጡኝ፣ ነፍስ ይማር ልበላቸው።"

"የማን ነፍስ?" አለች አስካለች በስልክ። በማግስቱ በሚኒባስ ከች አለች።

የተረፈውን ቃጫ ስታሸው ነጭ ነገር እጇ ላይ ቀረ። "ይሄን ማነው የፋቀው?"

"እርስዎ አይደሉም እንዴ?" አለች ናዲያ።

"እኔ እንዲህ ብፍቅ አማቴ በዚያው ቀን ለአባቴ ትመልሰኝ ነበር። ግማሹ ቡላ ነው፤ ገንፎ ይወጣዋል።"

ሻንቆ ዞር ብሎ የታጠበ ብልቃጥ ማጠብ ጀመረ።

ናዲያ አዮዲን ጠብ ስታደርግበት ቃጫው ጠቆረ፤ ስታርች አለበት ማለት ነው። ስታርች ደግሞ በቀላሉ ስኳር ይሆናል፣ ለዚያ ካርቦኑ አይመሰገንም።

"ጋሽ ሻንቆ፣ ማን ፋቀው?"

"እኔ።"

"በምን?" አለች አስካለች።

"በቢላ። በሩን ዘግቼ።"

"መዝጋቱንስ ደግ አደረግህ።"

አስካለች እዚያው ሳንቃ አስደግፋ አዲስ እንሰት ፋቀች። ሙከራው ሲደገም ሠላሳ አንድ በመቶ ወጣ። ሻንቆ ቁጥሩን አይቶ ጋወኑን ማውለቅ ጀመረ።

"ወዴት ነው?" አለች ናዲያ። "ከንጹሕ ቃጫ ሠላሳ አንድ ጥሩ ነው። ስምዎ ይገባል።"

"የኔስ?" አለች አስካለች።

"አንቺ ደግሞ ምን ሠርተሽ?" አለ ሻንቆ።

"ሠላሳ አንዱን።"

ናዲያ ሳቋን ውጣ የአባቷን ስም ጠየቀቻት።

"ያው የሱ ነው" አለች አስካለች፤ "ግን እኔን አስቀድሚኝ።"