ታጥቦ ያልጠራው ድንጋይ

ዛሬ ጠዋት፣ ስደት ባመጣኝ በዚህች የወደብ ከተማ፣ ካርቲየ ሰባት ሰፈር ወዳለችው ትንሽ ምግብ ቤቴ ስገባ፣ አዲሷ ሠራተኛዬ አለም መደርደሪያዬ ላይ የማስቀምጠውን ቀይ ድንጋይ በብሩሽ ስትፈትግ አገኘኋት። እንባዋ ቀርቧል። «እትዬ፣ አቧራው አልለቅ አለኝ፤ ድንጋዩም እያለቀብኝ ነው» አለችኝ። ሳቄ መጣ፤ አንጀቴንም በላችው።

እኔም በእሷ ዕድሜ እዚሁ ከተማ፣ ፕላቶ ዱ ሰርፓን ሰፈር፣ አንዲት የጂኦሎጂ መምህርት ቤት ተቀጥሬ ነበር። ማዳም ድሬዳዋ ያደገች ስለሆነች አማርኛዋ ይጥማል፤ አንቱታም አትወድም። ጊዜው የካምሲን ነበር። ያ ወላፈን የመሰለ ነፋስ አሸዋውን ቤት ውስጥ ይዘራዋል፤ ስወለውል ውዬ ሻይ ስጠጣ እንኳ ጥርሴ ላይ ይንቀጫቀጫል።

ይኼ ድንጋይ ያኔ ሳሎኗ ውስጥ ነበር፤ ከሟች አባቷ ግቢ ያመጣችው ነው። ስነካው አሸዋ እጄ ላይ ይቀራል። ካምሲኑ ያራገፈበት መስሎኝ አጠብኩት። በማግስቱም ደገምኩት። ታጥቦ ጭቃ! አንድ ቀን ጠርዙ ተበልቶ፣ ሳፋው ሥር ቀይ አሸዋ ተኝቶ አየሁ። ወይ ጉዴ፣ የአባቷን ማስታወሻ ጨርሼዋለሁ! ከተባረርኩ ደግሞ የሚቀረኝ ወደ የመን የሚሻገረው የስደተኛ ጀልባ ብቻ ነበር። ልብሴን በፌስታል ቋጥሬ ጠበቅኳት።

ማዳም ሳፋውን አየች፣ ፌስታሌን አየች፣ ከዚያ ከት ብላ ሳቀች።

«አንቺ ልጅ፣ አቧራ እኮ አይደለም! ድንጋዩ ራሱ አሸዋ ነው።»

ወጥ ቤት ይዛኝ ገባች። ቀዩን ድንጋይ በአውራ ጣቴ አሳሸችኝ፤ እንደ ስኳር ቅንጣት ቅንጣቱ ተራገፈ። ከግቢው ያነሳችውን ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ባሸው ግን ቅንጣት አልወጣውም። ውሃ ጠብ ስታደርግበት ቀዩ ድንጋይ መጠጠው። ኮምጣጤ ስትጨምር ደቃቅ አረፋ አወጣ።

«ያ ኖራው ነው» አለች። «ጎርፍ ያመጣው አሸዋ ላይ ሌላ አሸዋ እየተጫነ ይጠቀጠቃል። በመሃሉ የሚሰርገው ውሃ ደግሞ ኖራ እየተወ ያጣብቀዋል።»

«ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«ኧረ ተይኝ! የእኔና የአንቺ ዕድሜ እዚያ አይቆጠርም። በይ ፌስታሉን ፍቺና ምሳ አቅርቢ፣ ርቦኛል።»

ያን ቀን አብረን የበላነው ዓሣ ጥብስ፣ ከነሎሚው፣ አሁንም አፌ ላይ አለ። ጀልባውን ዳግም አላሰብኩትም። ማዳም ስታርፍ ድንጋዩን ለእኔ ተወችልኝ።

ሰውን ነፋስ ቢያመጣውም፣ አንድ ቦታ የሚያጣብቀው ሌላ ሰው ነው መሰለኝ። አለም ያላየሁባት መስሏት ይሆናል እንጂ፣ ከጓዳው በር ጀርባ የቋጠረችውን ፌስታል አይቼዋለሁ። ኮምጣጤውን አወረድኩ።

«ነይ እስቲ፣ ጣትሽን እዚህ አድርጊ» አልኳት። «መጀመሪያ ግን ፌስታሉን ፍቺ።»