ግራዎቹ የት ሄዱ?

አባቴ መሪጌታ ናቸው። እንጦጦ ላይ ባለው ደብራቸው ማኅሌት ሲቆም መሀል ሆነው ይመራሉ። በቀኛቸው አንድ ወገን፣ በግራቸው ሌላ ወገን ይሰለፋል፤ አንዱ ሲያዜም ሌላው ይቀበላል። የግራውን ወገን የሚመራው ግራ ጌታ የእኔ እኩያ ነው። ዜማ የተማርነው አብረን፣ ከአባቴ እግር ሥር ነበር። እሱ ተማረ፣ እኔ ቀረሁ። ድምፄን የሰማ ሁሉ የቢሮ ሥራ እንድፈልግ መከረኝ፤ እኔም ምክሩን ሰማሁ።

ግራ ጌታው ከቅዳሴ በኋላ አባቴን የካ ዳገት ላይ ካለው ቤታችን በር ሳያደርስ አይሄድም ነበር። ሁልጊዜም በቀኛቸው በኩል ነው የሚሄደው። ለክብር ይመስለኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር ትንሽ እቀናበትም ነበር። ልጃቸው እኔ ሆኜ፣ ወሬያቸው ሁሉ የሚያልቀው ከእሱ ጋር ነው።

ያጣላቸው የባለፈው ዓመት ክብረ በዓል ነው። በማግስቱ አባቴ በካህናቱ ሁሉ ፊት «የአንተ ወገን ድምፁን እየዋጠ ነው። ሰነፋችሁ!» አሉት። እሱም «ይቅር ይበሉኝ፣ የኔታ» ብሎ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ቦታውንም ለሌላ ለቀቀ፣ ቤታችንም መምጣት ተወ። አባቴ አንድ ሁለት ሳምንት ሲቆጡ ሰነበቱና ከዚያ ዝም አሉ። ቁጣቸውን ለምጄዋለሁ፤ የከበደኝ ዝምታቸው ነው። በር በተንኳኳ ቁጥር ቀና ይላሉ፣ የገባው ሌላ ሰው ሲሆን መልሰው ያቀረቅራሉ። ናፍቆት እንደሆነ አውቃለሁ። ግን እሳቸው ሰው ናፈቀኝ የሚሉ ሰው አይደሉም።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ በድንገት «ያን ለት ማኅሌቱን ቀድተኸው አልነበር?» አሉኝ።

ቀድቼዋለሁ። ዜማው ቢያመልጠኝ የዜማው መስሚያ ዕቃ አላመለጠኝም፤ ሚስቴ «ሁለተኛዋ ሚስትህ» የምትለው ሄድፎን አለኝ። ለክብረ በዓሉም ከአባቴ ኋላ ቆሜ በሁለት ማይክሮፎን፣ አንዱን ወደ ቀኝ ሌላውን ወደ ግራ አዙሬ ነበር የቀዳሁት።

«እንግዲያው እንስማውና እውነቱ ይውጣ» አሉ። «ሰንፈው ከሆነ ልክ ነኝ። ካልሆነ...» ብለው ሳይጨርሱት ተዉት።

ሰው በእኔ መሣሪያ ሊዳኝ ነው! እንቅልፍ አጣሁ። ላፕቶፕ ውስጥ ያለው ድምፅ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩን ጆሮ ወደሚሰማው ድምፅ የምትቀይረዋ ሳጥን ዳክ ትባላለች። የእኔዋ የክብሪት ቀፎ ታክላለች። ለሙዚቃ አላማርራትም፤ ግን የሁለት ሰዎችን ዕርቅ በእሷ ላይ ለመጣል ፈራሁ። እሷ የግራውን ወገን ብታሳንስብኝስ? ስለዚህ ሾላ ገበያ ጀርባ ከሚኖር ወዳጄ፣ ዳዊት መጽሐፍ የሚያክል ከባድ ዳክ ተዋስኩ። ሾላን ቅዳሜ የሚያውቅ ያውቀዋል። በበርበሬ ጆንያና በሽንኩርት ክምር መካከል እንደ ሕፃን ደረቴ ላይ አቅፌ፣ እያስነጠስኩ አሳለፍኩት።

ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ ግማሽ ቀን ደከምኩ። የአንዱ ድምፅ ከሌላው በጥቂት እንኳ ከፍ ካለ ጆሮ ተታሎ «ይሄ ይሻላል» ይላል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ማስተካከል ያስፈልጋል። ሚስቴ በበሩ ብቅ ብላ «የቀበሌ ዳኛ ብትሆን እንኳ እንዲህ በጥንቃቄ አትፈርድም» አለችኝ። አልተሳሳተችም።

አባቴ መጡና የእንጨቱ ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። ሄድፎኑ በጥምጥማቸው ላይ አልገባ ሲል ታገልን፤ በመጨረሻ እያጉረመረሙ ጥምጥሙን አወለቁ። የትኛው ዳክ እንደሆነ እንዳያዩ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞርኳቸው። መጀመሪያ በትንሿ ከፈትኩ። ጣታቸው ወዲያው መቋሚያው ላይ መምታት ጀመረ። ቆየት ብለው «ግራዎቹ የት ሄዱ?» አሉ።

ትንሿን ጠረጠርኩና ወደ ትልቁ ቀየርኩ። ፊታቸው በራ። «በዚህኛው ከበሮው ቆዳ አለው። በፊተኛው ድምፅ ብቻ ነበር» አሉ። ልቤ በደስታ ዘለለ፤ እኔ ግማሽ ቀን የፈጀብኝን እሳቸው በአንድ ምት ለዩት! «ግራዎቹ ግን አሁንም የሉም» ብለው ቀጠሉ። «አላልኩህም?» ልክ የሆነ ሰው ድምፅ ነበር፤ ደስታ ግን አልነበረበትም።

ሄድፎኑን ተቀብዬ ራሴ ሰማሁ። የግራው ወገን ግራ ጆሮዬን ሞልቶታል፤ የግራ ጌታው ድምፅ ከሁሉም በላይ ጎልቶ ይሰማል። ገመዱ ይሆናል ብዬ ቀየርኩት። መሰኪያውን ጠረግሁ። መልሼ ሰጠኋቸው። «የሉም» አሉ። ከዚያ ሌላ ብልሃት ስላጣሁ ሄድፎኑን አዙሬ፣ የግራውን በቀኝ፣ የቀኙን በግራ አደረግኩላቸው።

«አሁን ደግሞ ቀኞቹ ዝም አሉ» አሉ።

መቋሚያውን ይመታ የነበረው ጣታቸው ቆመ። እኔ ምን ብዬ እንደምነግራቸው ሳስብ እሳቸው ቀድመውኝ ገብቷቸዋል። ሄድፎኑን በገዛ እጃቸው አውልቀው አዞሩት፤ ሰሙ። እንደገና አዞሩት። ሦስት ጊዜ እንዲህ አደረጉ። ከዚያ የግራ ጆሯቸውን በመዳፋቸው ይዘው «ሞቷል ለካ» አሉ።

ወደ ላፕቶፑ ዞርኩና ሁለቱን ወገን በአንድ አዋህጄ በቀኝ ጆሯቸው ላክሁላቸው። ያን ጊዜ ግራዎቹም ከቀኞቹ ጋር መጡ፤ የግራ ጌታው ድምፅ ከሁሉም በላይ ነበር። አባቴ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። «ዜማውን እንዴት አድርጎ ይዞታል!» አሉ ቀስ ብለው። «ልጄ፣ ይህ ሰው እኮ እንድሰማው ብሎ ጉሮሮውን እየቀደደ ነው። እኔ ደግሞ በሰው ፊት ሰነፍ አልኩት።» እንባቸው ጢማቸው ላይ ወረደ። እኔም አለቀስኩ፤ ምንም አላሳፈረኝም።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ግራ ጌታው ቤት በባሕር ዛፉ መሀል ባለው አቋራጭ ወጣን። በሩ አጠገብ ስንደርስ አባቴ ጎንበስ ብለው ከመንገዱ ዳር ድንጋይ አነሡና ትከሻቸው ላይ አኖሩ። ያጠፋ ሰው ይቅርታ ሲለምን እንደሚሸከመው መሆኑ ነው። ግን መምህር ለተማሪው ሲሸከም አይቼ አላውቅም።

«አባባ፣ እርስዎ እኮ መምህሩ ነዎት» አልኳቸው።

«ድንጋይ የሚሸከመው ያጠፋ ነው» አሉ።

ግራ ጌታው በሩን ሲከፍት ያየውን ማመን አቃተው። ሮጦ ድንጋዩን ከትከሻቸው ነጠቀና ጣለው፤ ራሱም ጉልበታቸው ሥር ወደቀ። አባቴ «ጥፋቱ የጆሮዬ ነው፤ ግራው አይሰማም። ትናንት ነው ያወቅሁት» ሲሉት ቀና አላለም።

«አውቃለሁ፣ የኔታ» አለ። «እኔ ካወቅሁ ሁለት ዓመት አልፎኛል።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«እርስዎ ከሰሙ ደብሩም ይሰማል፤ ደብሩ ከሰማ ደግሞ ከቦታዎ ያነሡዎታል። እኔ ሰነፍ ብባል ይሻላል ብዬ ነው።»

 አባቴ ጎንበስ ብለው አነሡትና ግንባሩን ሳሙት። «ለደብሩ እኔው እነግራለሁ» አሉ። «አንተ ምራ። እኔ ከግራው ወገን ጫፍ እቆማለሁ፤ ያን ጊዜ ሁላችሁም በቀኜ ትሆናላችሁ።»

ሦስታችንም ወደ ቤት ወረድን። እኔ በግራቸው ሆኜ፣ መንገዱ ያዳልጣል፣ ቀስ ይበሉ አልኳቸው፤ አልመለሱልኝም። ግራ ጌታው በቀኛቸው ሆኖ ያንኑ በሹክሹክታ ቢላቸው «አይቼዋለሁ፣ አይቼዋለሁ» ብለው ሳቁ። ከኋላቸው ቀረት አልኩ። እኔ ሁለት ዳክ አሰልፌ የከበሮ ቆዳ ሳዳምጥ፣ የአባቴ አንድ ጆሮ መዘጋቱን በአንድ ቤት እየኖርኩ አልሰማሁም። እሱ ግን ያለ ምንም ሳጥን ሰምቶ፣ ዓመት ሙሉ በቀኛቸው ይሄድ ነበር።