ጥርስ ያልነቀለችው መኪና

ባዳቾ ከጉኑኖ ወደ ሶዶ የመጣው የወተት ጥርሱን በነቀለ ዓመት ነው። ደንቡ እንዲያ ነበር፤ የገባር ልጅ ጥርሱን ሲነቅል «እንግዲህ ለሥራ ደርሷል» ይባልና ለባለርስቱ ለግራዝማች ግቢ ይሰጣል። እናቱ እያለቀሰች እስከ መንገዱ ሸኘችው። እሱ ግን የወለቀችውን ጥርስ በጨርቅ ቋጥሮ ስለያዘ ትልቅ ሰው የሆነ መስሎት አላለቀሰም። ያለቀሰው ሶዶ ከደረሰ በኋላ ነው።

መጀመሪያ ጥጃ ጠበቀ፣ ቀጥሎ የበቅሎ ጋጣ ጠረገ፣ ጢም ሲያወጣ ደግሞ በቅሎዎቹ ሁሉ በእጁ ሆኑ። በቅሎ ሲያማት በቀንድ መድኃኒት የሚግታት እሱ፣ የደረቀ ጠፍር በቅቤ የሚያሸው እሱ፣ ገበያ ላይ ከንፈር ገልጦ ዕድሜ የሚናገረውም እሱ ነው። አማርኛውን የለመደው ጋጣ ውስጥ ስለሆነ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ»፣ «እሱ» ይላል፤ ክፋት ግን የለበትም። ዘግይቶ ሚስት አገባ። ሚስቱ ጉኑኖ እናቱ ዘንድ እንሰት እየፋቀች ትኖራለች፣ እሱ ለፋሲካ ፈቃድ ሲያገኝ እየሄደ ያያታል። ባለፈው ፋሲካ ሄዶ ነበርና ጥር ላይ ልጅ ይጠበቅ ነበር። ጥር ሲደርስ ጉኑኖ መገኘት፣ ልጁን መታቀፍ፣ ከዚህ ሌላ ባዳቾ ከዓለም የሚፈልገው ነገር አልነበረም።

ይህ ሁሉ ደኅና ነበር፣ መኪናዋ እስክትመጣ።

ግራዝማች ወልደመስቀል አባታቸው ከሸዋ ከጦሩ ጋር መጥተው እዚያው ርስት የተከሉ ሰው ናቸው። የዚያን ዓመት መስከረም ካለፈ በኋላ አዲስ አበባ ለጉዳይ ሄደው ሲመለሱ አንዲት ትንሽ ቀይ የሩጫ መኪና ይዘው ከች አሉ። ጣራ የላትም፣ ከመሬት እምብዛም ከፍ አላለችም፣ የምትይዘውም ሁለት ሰው ብቻ ነው። ግራዝማች ደግሞ ወፈር ያሉ ናቸውና ሁለቱንም ቦታ ለብቻቸው ይሞሉታል። ይዘው መጡ የሚባለውም ለወጉ ነው እንጂ የብላቴን ወንዝ የተሻገረችው በገባር ትከሻ፣ አቀበቱን የወጣችው በበሬ ነው። በራሷ ጉልበት የሄደችው ከገበያው ጫፍ እስከ ግራዝማች በር ድረስ ነው። ያንኑም ቢሆን እየጮኸች ስለሄደችው ከተማው ወጥቶ እልል አለላት።

የሸጠላቸው ግሪክ አንዲት ምክር ሰጥቷቸዋል። ማርሾቹ ጥርስ ለጥርስ ተያይዘው የሚዞሩበት ካምቢዮ የሚባል የብረት ሣጥን አላት፤ እዚያ ውስጥ ያለው ዘይት ሲጠቁር አፍስሶ በሌላ መለወጥ ነው፣ አለዚያ ጥርሶቿ ይረግፋሉ። ግራዝማች «ካምቢዮ» የሚለው ቃል አልያዝ ቢላቸው «ሆዷ» አሉት፣ ግቢውም ሆዷ አለ። ስለ ሆድ የሚያውቅ ማን ነው ሲባል ባዳቾ ተጠራ፤ ከበቅሎ ወደ መኪና የተሾመው እንዲህ ሆኖ ነው።

ዘይቱ በጠቆረ ጊዜ ባዳቾ ከጓሮ ጉድጓድ ቆፈረ፣ መኪናዋ በላዩ ተገፋች፣ እሱ የኮባ ቅጠል አንጥፎ ከሥሯ በጀርባው ተኛ። ቡሎኑን ሲፈታው ጥቁሩ ዘይት ግማሹ ገበቴው ውስጥ፣ ግማሹ ፊቱ ላይ ፈሰሰ። ማፍሰሱ እንኳ ቀሎ ነበር፤ የሚተካው ዘይት ግን በሶዶ የለም። ኦቶና ሚሲዮን ካሉት ፈረንጆች ይለመን ቢባል ግራዝማች «የልመና ዘይት ከመኪናዬ ሆድ አይገባም» አሉ። ባዳቾም ምን አፉን ቢበላው ጥሩ ነው፣ «ጌታዬ፣ ጠፍር ሲደርቅ በቅቤ ይለሰልሳል» አለ። ይቺን ቃል ተናግሮ ስንት ጊዜ ምላሱን እንደነከሰ እሱ ነው የሚያውቀው።

የግራዝማች ባለቤት እመት ሳህሊቱ ለበዓል ብለው ያነጠሩት፣ ኮረሪማና ኮሰረት የገባበት ቅቤ ከነቅሉ ተወሰደባቸው። ባዳቾ አቅልጦ፣ በቅሎ የሚግትበትን ቀንድ ከመኪናዋ ሆድ ቀዳዳ ሰክቶ ጋታት። ግራዝማች ቢያስነሷት ጸጥ ብላ ሄደች። ማጉረምረሟ ቀረ፣ ማርሿም እጅ ላይ ለሰለሰ። አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ስትግል የወጥ ቤት ሽታ ትሸታለች። ገበያ በወጣች ቁጥር የሶዶ ውሻ ሁሉ ተሰልፎ ይከተላታል። ውሻ ማባረርም የባዳቾ ሥራ ሆነ።

አንድ ረቡዕ ግራዝማች ለቅዳሴ በመኪና ሄዱ። የጾም ቀን ቅዳሴ የሚገባው ከቀትር በኋላ ነው፤ ምእመኑ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰም። መኪናዋ በሩ ላይ ስትቆም ሽታው ነፋስ ይዞት ገባ። ምእመኑ ምራቁን ዋጠ፣ ዲያቆኑ ምንባቡ ጠፋው። ቅዳሴው ሲያበቃ የደብሩ ካህን መምሬ ተክለጻድቅ መቋሚያቸውን ይዘው ወጡ።

«ግራዝማች፣ ይቺ መኪና የማን ናት?»

«የእኔ ናት እንጂ መምሬ።»

«እርስዎስ ክርስቲያን አይደሉም?»

«ምን ማለትዎ ነው?»

«በክርስቲያን ቤት ረቡዕ ቅቤ የሚበላ የለም ማለቴ ነው።»

«በቅሎዬስ ትጾማለች እንዴ?»

«በቅሎዎ ቅቤ ትበላለች?»

ከዚያች ቀን ጀምሮ መኪናዋ ጿሚ ሆነች፤ በፍስክ ቀን ቅቤ፣ ረቡዕና ዓርብ የኑግ ዘይት። ባዳቾ ማክሰኞ ሲመሽ ቅቤውን አውጥቶ ኑጉን ይግታል፣ ረቡዕ ሲመሽ ኑጉን አውጥቶ ቅቤውን ይግታል፤ ሐሙስ እንደ ማክሰኞ፣ ዓርብ እንደ ረቡዕ። ቅቤው በብርድ ሲረጋባት ጉድጓዱ ውስጥ ፍም አስገብቶ ያሟሙቃታል። ልብሱም ቆዳውም ቅቤና ኑግ ሆነ። ውሾቹ መኪናዋን ትተው እሱን መከተል ጀመሩ።

የገና ጾም በኑግ ብቻ አለፈ፤ ጾሙ ሲፈታ መለዋወጡ ተመለሰ፣ እንዲህ እያለም ጥር ገባ። አንድ ሰኞ ታላቅ ወንድሙ ሻንቆ ከጉኑኖ መጥቶ ከጉድጓዱ አፍ ቁጢጥ አለ።

«ወለደች» አለው። «ሴት ናት።»

ባዳቾ መፍቻውን እንደያዘ ብቅ አለ። «ደኅና ናቸው?»

«እናትየዋ ደኅና ናት። ልጅቷ ትንሽ ናት፣ ጡት እንደልቧ አትይዝም። ላሟም ደርቃለች፣ ከቤት ቅቤ የለም። ቶሎ ና።»

ባዳቾ እጁን በሣር ጠርጎ ግራዝማች ፊት ሄዶ እጅ ነሳ። «ጌታዬ፣ ልጅ ተወልዶልኛል። ነገ ሄጄ ልይ።»

«እንኳን ደስ ያለህ» አሉ ግራዝማች፤ ደግሞ ከልባቸው ነው። «ነገ ግን ማክሰኞ አይደለም? ሲመሽ ማን ይለውጣል?»

«ለውጬ ረቡዕ ልሂድ።»

«ረቡዕ ሲመሽስ?»

ሐሙስም ዓርብም እንዲሁ ተባለ። «ቅዳሜ ልሂድ» አለ በመጨረሻ።

«ቅዳሜ ገበያ ማን ይገፋታል? እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ውሻውን ማን ያባርርልኛል? ሰኞ ደግሞ ትታጠባለች።» ግራዝማች በጣታቸው እየቆጠሩ ሳምንቱን ጨረሱት። «ባዶ ቀን ብትኖር እኔ አልከለክልህም ነበር» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ባዳቾ ሆድ ባሰው። ተመልሶ ጋጣው ደጃፍ ተቀመጠ፤ ሻንቆም ብቻውን ተመለሰ።

በማግስቱ አንድ ሰው ለመግዛት ያሰባትን በቅሎ ዕድሜዋን እንዲነግረው አመጣለት። ባዳቾ ከንፈሯን ገለጠና «ጥርስ አልለወጠም፣ ገና ልጅ ነው» አለ። ይህን ካለ በኋላ በቅሎዋን ለባለቤቷ ትቶ ወደ መምሬ ተክለጻድቅ ቤት ገሰገሰ።

«አባቴ፣ ሕፃን ይጾማል?»

«ሰባት ዓመት ሳይሞላው አይጾምም።»

«የተወለደበትን ቀን የሚያውቅ ሰው ከሌለስ? ሰባት መሙላቱ በምን ይታወቃል?»

መምሬ ጢማቸውን አሻሹ። «የወተት ጥርሱን ከነቀለ ሞልቷል እንላለን።»

«እንግዲያው የመኪናውን ጥርስ ይዩልኝ።»

መምሬ ሌላ ጊዜ ቢሆን በመቋሚያቸው ያባርሩት ነበር። ነገር ግን ያ ፍርድ ከተሰጠ ወዲህ እሳቸውም መውጫ መግቢያ አጥተዋል። አንዱ የቤቴን በር ማጠፊያ በቅቤ ቀብቻለሁ፣ ዓርብ ዓርብ ልክፈተው ወይስ ልዝጋው ብሎ ይጠይቃቸዋል፤ አንዷ ደግሞ የፀጉሬ ቅቤ ረቡዕ ቀለጠ፣ ንስሐ ይሰጠኝ ትላለች። ስለዚህ ረቡዕ ከቅዳሴ በኋላ እመጣለሁ አሉት።

ረቡዕ ፀሐይ ሳትገባ መምሬ መጡ። ባዳቾ ኑጉን እስከ ጠብታው አፍስሶ፣ የካምቢዮውን ክዳን ፈትቶ አንስቷል። እመት ሳህሊቱ የቀለጠውን ቅቤ በቅል ይዘው ቆመዋል። ግራዝማች የታመመ ዘመድ የሚታይባቸው ይመስል ይንጎራደዳሉ። መምሬ ጧፍ አስበርተው አጎነበሱና ጣታቸውን ከማርሹ ላይ አሳለፉ፤ አዙርልኝ እያሉ ባዳቾን ማርሹን ጥርስ በጥርስ አስዞሩት።

«የወለቀ የለም» አሉ ቀና ሲሉ። «የተነቃነቀም የለም። ይቺ ሕፃን ናት። ሕፃን ደግሞ አይጾምም።»

የግቢው ሴቶች እልል አሉ። ለባዳቾ መለወጥ ቀረ ማለት ነው፤ ቅቤውን ግቶ በማለዳ ቢነሳ እኩለ ቀን ሳይሆን ጉኑኖ ነው። ቀንዱን እንደያዘ ግራዝማች ፊት ቀረበ።

«ጌታዬ፣ እንግዲህ መለወጥ የለም። ልሂድ።»

ግራዝማች የመኪናዋን አፍንጫ እየዳበሱ ነበር። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «አልሰማህም እንዴ ባዳቾ? ሕፃን ናት እኮ። እስከ ዛሬ አላወቅንም። ሕፃን ጥሎ የሚሄድ ሰው አለ?»

ሰውየው ይህን ሲሉ አላሾፉም። የክፉ ነገሩ ክፋት እሱ ነው፤ አላሾፉም።

ባዳቾ ቀንዱን መሬት አስቀመጠ። «አለ፣ ጌታዬ» አለ። «እኔ ነኝ።»

መምሬ ጧፋቸውን አጠፉ። እመት ሳህሊቱ ግን የያዙትን ቅል ወደ መኪናዋ ሳይሆን ወደ ባዳቾ ይዘው መጡና በክንዱ አሳቀፉት።

«ለሕፃን የተባለ ቅቤ ነው» አሉት። «ያንተዋን ጋታት። ለእናቲቱም ገንፎዋ ላይ አድርግላት።»

«መኪናዬስ?» አሉ ግራዝማች።

«እስኪመለስ ታልቅስ» አሉ እመት ሳህሊቱ።

ግራዝማች መምሬን ቢያዩ መምሬ መሬት መሬቱን ያያሉ። ባዳቾ ክዳኑን መልሶ አሰረና ከመሄዱ በፊት «ጌታዬ፣ ሆዱ ባዶ ነው። ሳይጋት እንዳያስነሱት» አለ። ግራዝማች ፊታቸውን አዞሩ፤ እሱም ቅሉን ታቅፎ ሄደ።

ልጅቷ እውነትም ትንሽ ነበረች። ባዳቾ ጣቱን ቅቤ ውስጥ ሊነክር ሲል ሚስቱ እጁን ያዘችው፤ የመኪናው ጥቁረት ከጥፍሩ ሥር አልወጣም ነበር። በውኃ አስታጠበችው፣ በአሸዋ አስፈተገችው፣ የነጻችለት የትንሿ ጣቱ ጫፍ ብቻ ናት። በዚያች ጋታት። ልጅቷ ፊቷን አጨማደደች፣ ዋጠች፣ አፏን እንደገና ከፈተች። በሳምንቱ መጨረሻ ጡት አጥብቃ የምትስብ ሆነች።

እሑድ ሻንቆ ከሶዶ ወሬ ይዞ መጣ። ግራዝማች ያለ ባዳቾ እንደሚችሉ ለማሳየት ቅዳሜ ገበያ ወጥተው ኖሯል። ቅቤም ኑግም ያስገባላት የለም። ገበያው መሐል ስትደርስ እንደ ሰው ጮኸች፣ ከዚያ ሆዷ ውስጥ አንድ ነገር ተንኮሻኮሸና ቆመች። ክዳኗ ሲከፈት ጥርሶቿ ረግፈው ሆዷ ውስጥ ተኝተዋል። መምሬ ተጠርተው መጡ፣ እፍኝ ጥርስ በእጃቸው ይዘው አገላብጠው አዩና ፍርዳቸውን ሰጡ።

«ነቅላለች። ከእንግዲህ ትጾማለች።»

በገባር ትከሻ ተመልሳ ጓሮ ቆማለች፤ ቅቤም አይገባላት፣ ኑግም አይገባላት፣ ውሾቹም ትተዋታል።

ባዳቾ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። እናቱ ታመመ እንዴ ብላ ከጓሮ መጣች። ስቆ ሲያበቃ ግን ልጅቷን ከሚስቱ ተቀበለና በዚያች በነጻችው ጣቱ አፏን ከፈት አድርጎ ድዷን ከዳር እስከ ዳር ዳሰሰ። ለስላሳ ነው፣ ምንም የለበትም። ደግሞ ዳሰሰው።

«ገና ነው» አላት ሚስቱን። «እስኪያበቅል፣ እስኪነቅል ድረስ የእኛ ነው።»

ሚስቱ ቅሉን አቀረበችለት።