የመካከለኛዋ እህት የግራ መብራት

ልጅ ሳለሁ የእኩዮቼ ፍርሃት ጅብ ነበር፤ የእኔ ግን፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል በነበሩት በእነዚያ ምሽቶች፣ የአያቴ የቀኝ እጅ ነበር። እጃቸው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ አንድም ቀን መትተውኝ አያውቁም። የምፈራው እጃቸው ወዴት እየሄደ እንደሆነ ስለማውቅ ነው።

አባባ ይሁኔ የእናቴ አባት ናቸው። ቡሬ ከተማ፣ ከአስፓልቱ ገባ ብሎ ባለው ግቢያችን፣ ከቤቱ ጎን አንድ የቆርቆሮ ዳስ ነበረ፤ ከዳሱ ሥር ደግሞ ሞተሯ ከቆመ ብዙ ዘመን የሆናት አንዲት የአሜሪካ መኪና ነበረች። ሸቭሮሌ ናት። አባባ በወጣትነታቸው የአንድ እህል ነጋዴ ሾፌር ነበሩ፤ ነጋዴው ሲሞቱ «ከይሁኔ በቀር የሚያውቅባት የለም» ብለው ለእሳቸው ተናዘዙላቸው። ከላይ እንደ አጓት ነጣ ያለች ናት፤ የታችኛው ቀለሟ ሰማያዊ ነው አረንጓዴ እያልን ከጎረቤት ልጆች ጋር ስንከራከር ውለን እናመሽ ነበር። በጎኗ ላይ የሚያብለጨልጭ የክሮም ዘንግ ከፊት ወደ ኋላ ተዘርግቷል፤ በአፍንጫዋ ላይ ለመብረር ያኮበኮበች ትንሽ የብረት አውሮፕላን ተቀምጣለች።

እኔ ዐሥር ዓመት ሲሞላኝ አባባ ዓይናቸውን ካጡ ሦስት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ማየት ሲቀርባቸው ተረታቸው በዛ። ያኔ መብራት የማይጠፋበት ምሽት ጥቂት ስለነበር፣ ገና ሲጨልም የከሰል ማንደጃውን ወደ ዳሱ አውጥተን፣ ኩራዙን ምሰሶው ላይ ሰቅለን፣ የበቆሎ እሸት እየጠበስን እንቀመጥ ነበር። የበቆሎው ፍሬ ፍም ላይ ጠሽ ጠሽ ሲል፣ ጭሱ የቆርቆሮውን ሆድ እየላሰ ሲወጣ፣ አባባ ባለ ሦስት እግር ዱካቸው ላይ ተደላድለው አንድ እጃቸውን መኪናዋ ላይ ጣል ያደርጋሉ፤ ያን ጊዜ ተረቱ እንደ ጀመረ እናውቃለን።

ዋናው ተረታቸው የሦስቱ እህትማማቾች ነበር። በአሜሪካ አገር አንድ ብረት ቀጥቃጭ ነበረ አሉ፤ በሦስት ዓመት ውስጥ ሦስት ሴቶች ልጆች ወለደ፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ታላቂቱ በሃምሳ አምስት፣ መካከለኛዋ በሃምሳ ስድስት፣ ታናሺቱ በሃምሳ ሰባት። ታላቂቱ ጨዋ ነበረች፤ አፏ ጠባብ፣ ጥርሷ እንደ ወንፊት የተሸመነ። ታናሺቱ ኩራት ያሳበጣት ነበረች፤ ከኋላዋ ክንፍ አውጥታለች፣ በአፍንጫዋ ላይ አውሮፕላኑን ጥላ ሁለት ቀንድ አብቅላለች። የእኛዋ መካከለኛዋ ናት። አፏ ከጆሮ እስከ ጆሮ ነው። ታላቂቱ ቤንዚን ስትጠጣ አገር ያያታል፤ የምትጠጣበት በር ጎኗ ላይ ተገልጦ ይታያል። መካከለኛዋ ግን የምታፍር ስለነበረች አባቷ አዘነላትና የመጠጫ አፏን ከኋላ፣ ከግራ መብራቷ ጀርባ ደበቀላት። መብራቷን እንደ በር የከፈተ ብቻ ያገኘዋል። እኔ ይህን ስሰማ ሁልጊዜ ትንፋሼን እይዝ ነበር።

አባባ በዘመን ነገር ቀልድ አያውቁም። ሙሽራ አጃቢ ጎረምሶች መጥተው «ቀይ እንቀባትና ለሰርግ ትሁን» ሲሏቸው መልስ ሳይሰጡ በዱላቸው የግቢውን በር አሳዩአቸው። አንድ ሰው ደግሞ ከአሮጌ ብረት መካከል የታናሺቱን ጌጥ አግኝቶ ሊያለብስላቸው ቢመጣ «የእህቷን ቀሚስ አታልብሳት፤ ሰው በውሰት ልብስ ስንት ቀን ያምራል?» ብለው መለሱት። የቀኝ የኋላ መብራቷን ከብዙ ዓመት በፊት የፈረስ ጋሪ ገጭቶ አጥፍቶት ነበር፤ ከዘመኗ ውጭ የሆነ ነገር ከመግጠም ባዶ ይቅር ብለው ትተውታል። ስለዚህ የቀረችው የግራዋ ብቻ ነበረች። ቀይ፣ ክብ፣ መሐሏ ወደ ውጭ ጎበጥ ያለች መብራት።

እሷን ነው የሰበርሁት።

ቀን ነው፤ አባባ እድር ሄደዋል፣ እናቴ ገበያ ናት። የተደበቀውን አፍ ማየት አማረኝ፣ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። መብራቱን ወደ ጎን ለመክፈት ብገፋ ብጎትት ዝገቱ ይዞት እንቢ አለኝ። የወጥ ማንኪያ አምጥቼ በስንጥቁ አስገብቼ ጫን ስል ቀዩ ሽፋን ሦስት ቦታ ተሰነጠቀና እግሬ ሥር ወደቀ። መብራቱም በዚያው ወደ ጎን ተከፈተ። የመጠጫውን አፍ አየሁት፤ ዝገት የበላው ክዳን ነው፣ ሌላ ምንም የለውም። ስብርባሪውን በካልሲ ጠቅልዬ ከፍራሼ ሥር ደበቅሁና እየሮጥሁ ወደ ምትኩ ሄድሁ።

ምትኩ አስፓልቱ ዳር ባጃጅ የሚጠግን፣ ከአፉ ሳቅ የማይጠፋ ጎረቤታችን ነው። ነገሩን ስነግረው አሮጌ የባጃጅ የኋላ መብራት ሽፋን አወጣ፤ ዳር ዳሩን በሞረድ ሞረደው፤ እናቴ ሳትመለስ መጥቶ በማስቲሽ ለጠፈልኝ። ቀይነቱ ቀይ ነው። ግን ጠፍጣፋ ነበር።

«ጠፍጣፋ ነው እኮ» አልሁት።

«ታዲያ ለማያዩ ሰው ምን ለውጥ አለው?» አለኝ። ቀልዱ ነው፤ እኔ ግን ፊቴ ጋለ።

የዚያኑ ዕለት ማታ አባባ በቆሎአቸውን እየፈለፈሉ አንድ አዲስ ነገር ተናገሩ። ዘንድሮ ተረቱን እየቆራረጡ ሳይሆን ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ፣ በአንድ ማታ አንድ አካል እየዳሰሱ ሊነግሩኝ ነው። በቀኟ በኩል ተጀምሮ፣ ዞሮ ዞሮ፣ መጨረሻው የግራ መብራቷ ይሆናል። «እኔ ሳልፍ አንች ታውሪልኛለሽ» አሉኝ። እናቴ ደስ ብሏት ሳቀች። እኔ የያዝሁት በቆሎ ከእጄ ወደቀ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ሳምንት እጃቸውን ስከታተል ኖርሁ። መጀመሪያ ማታ የፊት መብራቶቿ፣ በማግስቱ የአፏ ፍርግርግ፣ ከዚያ የአፍንጫዋ አውሮፕላን። እጃቸው በአንድ ማታ አንድ ክንድ ያህል ወደ ኋላ ይራመዳል፤ እኔም ትምህርት ቤት ተቀምጬ የቀረውን ርቀት በጣቴ እቆጥር ነበር። ስለዚህ መዘግየት ጀመርሁ። የመኪናዋ በር ላይ ሲደርሱ ወደ ውስጧ እንግባ ብዬ ለመንኋቸው። ስለ መሪው ጠየቅሁ፣ ስለ ሬዲዮው ቁልፍ ጠየቅሁ፣ የሲጋራ መተርኮሻው ለምን ሁለት እንደሆነ፣ ሰዓቱ በስንት ሰዓት እንደቆመ ጠየቅሁ። ሦስት ማታ ሙሉ ውስጥ አስቀመጥኋቸው። እሳቸው ደስታቸው ወሰን አጣ፤ እናቴን ጠርተው «ይችን ልጅ መሐንዲስ እስክትሆን አስተምሪያት፤ ጥያቄዋ የሊቅ ነው» አሏት። ያኔ ምስጋና እንዲህ ሊያቃጥል እንደሚችል የሚያውቅ ሌላ ልጅ በቡሬ የነበረ አይመስለኝም።

ጥያቄም ያልቃል። ያች ማታ ደረሰች።

ፍሙ እየከሰመ ነበር፤ ኩራዙም ጋዙ አንሶት ይርገበገባል። አባባ ዱካቸውን ራሳቸው ይዘው ዞሩና ከመኪናዋ ጀርባ ተቀመጡ። መካከለኛዋ እህት እንዴት እንዳፈረች፣ አባቷ እንዴት እንዳዘነላት ጀመሩ፤ «እዚችው ላይ» ብለው እጃቸውን ሰደዱ። ጣቶቻቸው ሽፋኑ ላይ አረፉ። ቆሙ። በመዳፋቸው ዳሰሱት። ደግሞ በአውራ ጣታቸው፣ ደግሞ በጥፍራቸው። ከፊታቸው ላይ ተረቱ ሲጠፋ አየሁት።

«ትርንጎ» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «ይች መብራት መሐሏ ወጣ ያለ አልነበረም?»

እስከ ዛሬ ድረስ የሚገርመኝ ጥያቄያቸው ነው። «ማን ነካት?» አላሉኝም። ሰው ነክቷት ይሆናል የሚል ሐሳብ ጨርሶ አልመጣባቸውም። ጠየቁኝ፤ ዓይን ያለኝ እኔ ስለሆንሁ።

«አይ አባባ» አልኋቸው፣ «ድሮም እንዲህ ናት።»

ፍሙ ውስጥ አንድ ነገር ተሰነጠቀ። «እንግዲያ እኔ ነኛ የተሳሳትሁ» አሉና ተነሡ። ተረቱን አልጨረሱትም።

ቁጣቸውን ስጠብቅ ነበር የሰነበትሁት፤ የመጣው ግን ቁጣ አልነበረም። በማግስቱ ወደ ዳሱ አልወጡም፤ በሦስተኛውም አልወጡም። እሸት ጠብሼ ብወስድላቸው «አንች ብይ» ይሉኛል። ቀስ በቀስ ሌላ ነገር አየሁ። ከልጅነታቸው ጀምሮ በቃላቸው የሚደግሙትን ውዳሴ ማርያም ጠዋት ጠዋት ጀምረው መሐል ላይ ቆመው እንደገና ይጀምሩታል። እናቴን «የሞተችው እናትሽ ጠባሳዋ በየትኛው ክንዷ ነበር?» ብለው ይጠይቃሉ፤ በግራዋ ስትላቸው «እኔም እንደዚያው ነበር የሚመስለኝ» ብለው ይተክዛሉ። እናቴ ማጀት ገብታ ዓይኗን ስትጠርግ ደረስሁባት። «አባቴ ልቡናቸው እየደከመ ነው» አለችኝ። እየደከመ እንዳልሆነ ከእኔ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ይህን እያወቅሁ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ።

በዐሥራ አንደኛው ቀን ከገጠር ሁለት ወንድማማቾች ከአንድ ሽማግሌ ጋር መጡ። የእርሻቸው ወሰን በአሮጌው የመኪና መንገድ ላይ ነው፤ አዲሱ መንገድ ከተሠራ ወዲህ አሮጌው በየት እንዳለፈ ተካክደው ነገሩ ወደ ዱላ ሊደርስ ነው። አባባ የነዱበትን መንገድ እያንዳንዷን ጠመዝማዛ እንደሚያውቁ አገሩ ሁሉ ያውቃል። ሽማግሌው «እርስዎ ያሉት ይጸናል ብለው ሁለቱም ምለው ነው የመጡ» አላቸው። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር።

አባባ ፊታቸውን ወደ ወንድማማቾቹ መለሱ። «ልጆቼ» አሉ፣ «የኔ ነገር ከእንግዲህ ምስክር አይሆንም። ሌላው ቀርቶ በእጄ ይዤ የኖርሁትን ነገር እየሳትሁ ነው። በእኔ ስሕተት ወንድም ከወንድሙ ቢጋደል ማን ይጠየቅበታል?»

ሰዎቹ አዝነው፣ ጉልበታቸውን ስመው ወጡ። የወንድማማቾቹ ፊት ዛሬም አይረሳኝም፤ ወደ ውጭ ሲወጡ ጎን ለጎን አልሄዱም።

ከፍራሼ ሥር ካልሲውን አወጣሁ። አባባ ፊት ተንበርክኬ ስብርባሪውን መዳፋቸው ላይ አራገፍሁት፤ የምናገረውን አዘጋጅቼ ነበር፣ ግን ከአፌ የወጣው «አልተሳሳቱም» የሚል ቃል ብቻ ነው። እሳቸው ቁርጥራጮቹን ጭናቸው ላይ ዘርግተው፣ አንዱን ከአንዱ እያጋጠሙ፣ በጣታቸው እየፈለጉ፣ ሦስቱንም አንድ አደረጓቸው። ከዚያ አውራ ጣታቸውን መሐሉ ላይ አሳረፉ።

«ጎባጣ ነው» አሉ። «አየሽ? ጎባጣ ነው።»

ሳቁ። እንደ ልጅ ነው የሳቁት፤ ዕንባቸው በጉንጫቸው እየወረደ። እኔም አብሬ አለቀስሁ፣ የተረፍሁ መስሎኝ። ሳቃቸው ሲያበቃ ግን ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

«ከዚያች ማታ ወዲህ ስንት ቀን ሆነ?»

«ዐሥራ አንድ።»

«መብራቷን ይቅር ብየሻለሁ። ስባሪ ነገር ነው፤ ባትሰብሪው ሌላው ይሰብረዋል። ዐሥራ አንዱን ቀን ግን…» አሉና ቁርጥራጮቹን ከጭናቸው ሰበሰቡ። «እሱን እንጃ፣ ልጄ።»

በማግስቱ ማለዳ ወደ ሰዎቹ መልእክት ላኩ፤ ምትኩ በባጃጅ ወሰዳቸውና፣ በእግራቸው እየዳሰሱ አሮጌውን መንገድ ከእርሻው መሐል አወጡላቸው፤ ወንድማማቾቹም ተቀብለው ታረቁ። የባጃጁን ሽፋን ምትኩ ራሱ ነቀለው። መካከለኛዋ እህት ሁለቱም የኋላ መብራቶቿ ባዶ ሆኑ። ተረቱም ተመለሰ፤ ከአፍንጫዋ ጀምረው እስከ ጭራዋ፣ አንድ አካል ሳይዘሉ ነገሩኝ።

ዛሬ ፍኖተ ሰላም ውስጥ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፤ ሰዎች ወረቀት ይዘው መጥተው «እውነት ነው ወይ?» ብለው ሲጠይቁኝ ሁለት ጊዜ ሳላይ አልመልስም። ከእነዚያ ምሽቶች የቀረልኝ ይህ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ግን ሌላም ቀርቷል። መብራቷ ከመሰበሯ በፊት፣ ተረቱ ሲያልቅ፣ አባባ ሁልጊዜ «ቀለሟስ እንዴት ነው? ፀሐይ በላው?» ብለው ይጠይቁኝ ነበር፤ እኔም ኩራዙን አንሥቼ አይቼ እነግራቸዋለሁ፣ እሳቸውም ተመስገን ብለው ወደ ቤት ይገባሉ። ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት ኖሩ። ስለ ፍርግርጉ፣ ስለ በሩ፣ ስለ አውሮፕላኑ ስነግራቸው እጃቸውን ሰድደው እየዳሰሱ ያረጋግጣሉ። ስለ ቀለሟ ግን አንድም ማታ አልጠየቁኝም፤ ቀለም በእጅ አይዳሰስም። እኔ ግን በየማታው ኩራዙን አንሥቼ ቀለሟን አይቼ፣ መልሱን አዘጋጅቼ፣ አጠገባቸው ተቀምጬ እጠብቅ ነበር።