ከድጄ የደበዘዘችበት ፎቶ

ጣሊያን አገሩን በያዘ በሦስተኛው ዓመት፣ ቡታጅራ ውስጥ ፎቶ የሚያነሳ የአገር ሰው ሙሀመድሰይድ ብቻ ነበር። ሥራው ግን የሁለት ሰው ነው። ሙያውን ከአንድ ጣሊያን ወታደር የለመደው እሱ ይሁን እንጂ፣ ሚስቱ ከድጄ ባትኖር አንድም ፊት ጠርቶ አይወጣለትም ነበር።

የፎቶ ማንሻ መኪናው በዓይን እያዩ የሚያጠሩት ዓይነት አልነበረም። እስከ ተነሺው ያለውን ርቀት ለክቶ ቁጥሩን የመኪናው መነፅር ላይ ባለው ቀለበት መሙላት ያስፈልጋል፤ ከተሞላው ርቀት ወዲህም ወዲያም ያለ ይደበዝዛል። የምትለካው ከድጄ ናት። መለሎ ስለሆነች አንድ እርምጃዋ አንድ ሜትር ነው፤ «ሦስት!» ስትል እሱ ቀለበቱን ሦስት ላይ ያቆማል። የመዝጊያውንም ፍጥነት ሰማዩን አይታ የምትነግረው እሷው ናት፤ ፀሐይ ካለ የሰከንድ መቶኛ፣ ከደመነ ሃያ አምስተኛ። ሃያ አምስተኛ ከሆነ ተነሺው ትንፋሹን ይዋጥ ነው፤ የተነቃነቀ ሰው ወደ ጎን ተጎትቶ ይወጣል።

ምስጋናው ሁሉ ለባልየው ነበር። ይሁን፣ ይህንስ ችላዋለች። ያልቻለችው ሰፍያን ነው። ሰፍያ ባሏ የሞተባት ጎረቤታቸው ናት። «አሰላሙ አለይኩም» ብላ ብቅ ስትል ሙሀመድሰይድ የያዘው ከእጁ ይወድቃል፣ የከድጄም አንጀት እርር ይላል። በላዬ ላይ ሊያገባት አስቦ ይሆን? ቀን ከሌት የሚበላት ይኸው ነው፤ እንዳትጠይቀው ኩራቷ ያዛት። እኔ በእሷ ቦታ ብሆን ጨርቄን እጥል ነበር።

ለአረፋ ሰፍያ መጥታ «ከከድጄ ጋር አንሳን» አለች። ሰማዩ ደምኗል። ከድጄ ከፊት በርጩማ ላይ ተቀመጠች፤ ሰፍያ ከኋላዋ የበሩ መቃን አጠገብ ቆመች። ለኪዋ ተነሺ ሆናለችና ሙሀመድሰይድ ራሱ ተራምዶ ለካ፣ ተመልሶም ቀለበቱን አዞረ።

«ትንፋሽ እንዳይሰማ!» አለ።

ከድጄ እንኳን ልትነቃነቅ ዓይኗንም አላርገበገበች።

በሦስተኛው ቀን ፎቶው ታጥቦ ገመድ ላይ ተሰቀለ። ሰፍያ የሻሿ አበባ ሳይቀር ቁልጭ ብላ ወጥታለች። ከድጄ ጭጋግ ውስጥ የተቀመጠች ትመስላለች። ወደ ባሏ ዞረች።

«ምን ሆኜ ነው እንዲህ የወጣሁት?»

«ተነቃንቀሽ ነዋ» አለ፣ ቀና ብሎ ሳያያት።

«የተነቃነቀማ ይጎተታል። እኔ ደበዘዝኩ እንጂ መቼ ተጎተትኩ? ቀለበቱን የሞላኸው በእሷ ልክ ነው።»

«ወላሂ ተነቃንቀሻል! መዝጊያው ሃያ አምስተኛ ላይ ነበር።»

ከድጄ ፎቶውን ከገመዱ አውርዳ አፍንጫው ሥር አስጠጋችለት። ጣቷን ፎቶው ላይ ከቀሚሷ ጫፍ በታች አሳረፈች።

«የተቀመጥኩበት በርጩማስ? እሱም ደብዝዟል፤ አብሮኝ ተነቃነቀ?»

ሙሀመድሰይድ ፎቶውን ተቀበላት። በርጩማውን ለማየት ጎንበስ አለ፤ ዓይኑ ግን እዚያ አልቆየም፣ ሄዶ ሰፍያ ላይ አረፈ።