መምህር ጌትነትን ቅዳሴ ለማስመጣት የሮጥኩት ሩጫ

በመኸር ሰሞን ወረታ ላይ የሩዝ መፈልፈያዎቹ ሥራ ሲጀምሩ የሚነሣው የገለባ ብናኝ አፍንጫዬን በነካው ቁጥር፣ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ የሆንኩ ይመስለኛል። ያኔ ጠዋት ጠዋት ከከተማው ወጥተን በፎገራ ሜዳ፣ በሩዝ ማሳዎቹ መሀል በሚያልፈው የጠጠር መንገድ እንሮጥ ነበር። ከፊት የስፖርት አስተማሪያችን መምህር ጌትነት፣ ከኋላቸው እኔና ሦስት ሴት ልጆች። ከሐይቁ በኩል የሚመጣው ነፋስ የጭቃና የከብት ሽታ ይዞ ፊታችንን ይመታናል። ልጆቹ አንድ በአንድ ወደ ኋላ ሲቀሩ፣ እስከ መጨረሻው ከመምህሩ ጋር የምዘልቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

መምህር ጌትነትን እወዳቸው ነበር፤ አንድ ነገራቸው ግን ያስጨንቀኝ ነበር። መንገዱ ዳር ካለው ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ እኛ ቆመን ስናማትብ፣ እሳቸው ዞር ብለው እንኳ ሳያዩ ሩጫቸውን ይቀጥላሉ። እኔ ደግሞ የቄስ ልጅ ነኝ። ዝም ማለት አልቻልኩም። ሰንበት ትምህርት ቤት የተማርኩትን፣ ጌታ ድውያንን እንዴት እንደፈወሰ፣ እያለከለክሁ ጎን ለጎን እየሮጥኩ እነግራቸዋለሁ። እሳቸው ሰምተው ሰምተው፣ “ማስተዋል፣ ትንፋሽሽን አትጨርሺ” ይሉኛል።

የወረዳው ትምህርት ቤቶች ውድድር ሳምንት ሲቀረው ደፈር ብዬ ጠየቅኳቸው።

“መምህር፣ በአምስት ሺህ ሜትር አንደኛ ከወጣሁ እሑድ ቅዳሴ ይመጣሉ?”

ሳቁ። “አንደኛ ውጪና እናያለን።”

“ቃልዎን ይስጡኝ።”

“እሺ፣ እመጣለሁ።”

ከዚያን ቀን ጀምሮ ለማንም ሳልናገር ጾም ያዝኩ። እናቴ የምትቋጥርልኝን ምሳ ለጓደኞቼ እየሰጠሁ እስከ ማታ ድረስ እህል አልቀምስም ነበር። እንዲያ ካደረግሁ እግዚአብሔር እምቢ እንደማይለኝ እርግጠኛ ነበርኩ።

የውድድሩ ዕለት እስከ ዘጠነኛው ዙር መራሁ። ሜዳውን የከበበው ተማሪ ስሜን እየጠራ ይጮሃል። ከዚያ በኋላ እግሬ የእኔ አልሆን አለ። አዘዋለሁ፣ አይሰማኝም። አንዷ አለፈችኝ፤ ሌላዋም አለፈችኝ። “ጌታዬ፣ ለእኔ ብለህ አይደለም፣ ለእሳቸው ብለህ” እያልኩ አምስተኛ ወጣሁና ሣሩ ላይ ወደቅሁ።

መምህር ጌትነት ውኃ ይዘው እየሮጡ መጡ።

“ዛሬ ምን በልተሻል?”

“ምንም። ሳምንቱን ሙሉ ለእርስዎ እየጾምኩ ነበር።”

አጠገቤ ቁጢጥ አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “እኔም ጾሜ ነበር” አሉኝ። “ልጄ ታሞብኝ አዝዬው ጸበል ለጸበል ስዞር እህል በአፌ አልዞረም። ስቀብረው አራት ዓመቱ ነበር።”

አንድ ነገር ልላቸው ፈለግሁ። ስሮጥ እንደዚያ ይጎርፍልኝ የነበረው ቃል ሁሉ የት እንደገባ አላውቅም። የውኃውን ዕቃ ይዤ ማልቀስ ብቻ ሆነ። በጃኬታቸው እጅጌ ፊቴን ጠረጉልኝና፣ “ተነሺ፣ ጡንቻሽ እንዳይተሳሰር ቀስ እያልሽ ተራመጂ” አሉኝ።

ቤት ገብቼ ለአባቴ ሁሉንም ነገርኳቸው። ቄስ ናቸውና መልሱን ያውቁታል ብዬ ነበር። አባቴ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። “እኔም ብሆን የምለው አላገኝም ነበር፣ ልጄ” አሉኝ። “ነገ ከነገ ወዲያ ግን ልምምዱን እንዳታስቀሪ። መምህርሽ ብቻቸውን አይሩጡ።”

ሰኞ ሄድኩ። ስለ ምንም ሳናወራ ሮጥን። ዓመቱ ሲያልቅ መምህር ጌትነት ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወሩ። ቅዳሴ ሄደው ይሁን፣ አልሄዱም ይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም።

አሁን ጤና ጣቢያ ውስጥ ነርስ ነኝ። ያኔ ለሁሉም ነገር መልስ ያለኝ ይመስለኝ ነበር፤ ለመናገርም አልፈራም ነበር። ዛሬ ልጇ የጠናባት እናት “ምን በደልኩ?” ስትለኝ፣ ማድረግ የምችለውን አድርጌ ስጨርስ አጠገቧ አግዳሚው ላይ ከመቀመጥ ሌላ የማውቀው የለም። ባለፈው ሳምንት አንዲቷ ራሷን ትከሻዬ ላይ ጥላ፣ “አንቺ ትጸልያለሽ?” አለችኝ።

“አዎ” አልኳት። ሌላ ቃል አልጨመርኩም። እሷም ራሷን አላነሣችም።