ኅዳር ያጠቆረው ዳሊያ

ዘንድሮም ውርጩ ቀኑን ጠብቆ መጣ። ጠዋት በሩን ስከፍት፣ ከአጥሩ በር እስከ ደጃፋችን በመንገዱ ግራና ቀኝ የተደረደሩት የዳሊያ አበቦች የፈላ ውሃ እንደተደፋበት ጎመን ጠቁረው ተኝተዋል። ማታ እኮ ቀይና ብርቱካንማ ነበሩ። ማጭዴን ይዤ፣ ጉልበቴን እየረገምሁ ቁጢጥ አልሁና ግንዳቸውን መቁረጥ ጀመርሁ። ጓሮ ያለውን ክፍል የተከራየችው የባንክ ሠራተኛ ለሥራ ስትወጣ አየችኝና አፏን በእጇ ያዘች።

«ውይ እትዬ መዲና! ሞቱብዎት?»

«ኧረ አልሞቱም፤ ዓመላቸው ነው።»

«እንዴት እንደሚወዷቸው ስለማውቅ ደንግጬ እኮ ነው።»

መቁረጤን ቀጠልሁ። ሰው ሁሉ አበባ ወዳድ ነች ይለኛል። እውነቱን ለመናገር አበባ ወድጄ አላውቅም። በኅዳር መቁረጡ፣ ሥሩን መቆፈሩ፣ ጥላ ላይ ማድረቁ፣ በገለባ ሸፍኖ ማስቀመጡ፣ በሚያዝያ ደግሞ መልሶ መትከሉ ሰልችቶኛል። ጣጣው የመጣው በታላቅ እህቴ በሰዓዳ ነው። እኔ «እታለም» ነው የምላት።

ነገሩ የሆነው ኢሕአዴግ ከገባ ዓመታት አልፈው፣ ሞባይል ግን ከተማችን መካነ ሰላም ሳይደርስ ነው። ያኔ የአገሩ ኮረዳ ሁሉ ዓይኗ ወደ ዐረብ አገር ነበር። እታለም ሳዑዲ ሰው ቤት ስትሠራ ኖራ በሚያዝያ መጀመሪያ ተመለሰች። አባታችን ቀደም ብሎ ስለሞተ ቤቱ የሚተዳደረው እሷ በምትልከው ነበር። በዚያው ብር እማዬ አዲስ ቤት አስጀምራለች፤ ግድግዳው ቆሟል፣ ጭቃው ተመርጓል፣ ቆርቆሮ የለበሰው ግን አንዱ ክፍል ብቻ ነው። የቀረው ላይ ላስቲክ ወጥረንበታል። እኔ ትምህርት ጨርሼ እቤት የተቀመጥሁ ወጣት ነበርሁ።

ሻንጣዋ ሲከፈት ጎረቤቱ ተሰብስቦ ነበር። ሽቶው፣ ሻሹ፣ ቴምሩ ታደለ። መጨረሻ ላይ ከካልሲ ውስጥ ትናንሽ ድንች የመሰሉ፣ አንገት ላንገት የተያያዙ ሥሮች አወጣች። ጎረቤታችን እትዬ ደስታ ሳቋ አመለጣት።

«አቀስታ ሞልቶ የተረፈውን ድንች ከዐረብ አገር ተሸክመሽ መጣሽ?»

«አበባ ነው፣ እትዬ ደስታ። አጭር ነው፤ ከጉልበት አያልፍም፣ ድጋፍም አይሻም።»

አሠሪዎቿ ሙቀቱ ሲበረታ ከጅዳ ወደ ጣኢፍ ተራራ ይወጡ ነበር። እዚያ ያለው ቤታቸው በረንዳው በእነዚህ አበቦች የተሞላ ነው። እሷ ማጠጣቱንና የጠወለገውን መቅጠፉን ለምዳለች። ብርዱ ሲመጣ ቤተሰቡ ወደ ጅዳ ይወርዳል፣ በዓመቱ ሲመለሱም አበባው እንደ ነበረ ያብባል። በመሐሉ ምን እንደሚሆን አላየችም። ስትሰናበት ሥሩን የሰጣት ሽማግሌው አትክልተኛም «አፈር ከሰጠሽው ይነሣል» ከማለት በቀር ምንም አልነገራት።

እንግዶቹ ሲበተኑ እማዬ ፊት ተቀመጠችና እንዲህ አለች።

«እማዬ፣ እኔ ነይቻለሁ። ይህ አበባ አፈራችንን ተቀብሎ ዓመት ከከረመልኝ፣ አላህ ቅሪ ብሎኛል፤ ተመልሼ አልሄድም። ካልከረመ ግን እሄዳለሁ።»

«አላህ ያግራልሽ፣ ልጄ» አለች እማዬ። ቅሪም አላለች፣ ሂጂም አላለች። በእኛ አገር ሰው ከነየተ፣ ነገሩን ከአላህ ጋር ከቆረጠ በኋላ መሐል አይገባም።

የግቢያችን ዋልካ አፈር ውሃ ይዞ ሥሩን እንዳያበሰብሰው ከወንዝ አሸዋ አምጥተን የከረመ ፍግ ቀላቀልንበት። ግማሹን በመንገዱ ዳርና ዳር ተከልን። ግማሹን በዱቄት ወተት ቆርቆሮና በተቆረጠ የዘይት ጀሪካን አደረግነው፤ የዕቃዎቹን መቀመጫ በጋለ ምስማር በስተን። እስኪበቅል ውሃ አታጠጡት ብላ ከለከለችን። በቅሎ ጥቂት ቅጠል እንዳወጣ ደግሞ አናቱን በጥፍሯ ቀነጠበችው። እማዬ ጮኸች።

«ገና በጨቅላነቱ አናቱን?»

«አናቱ ካልተቀጠፈ ወደ ጎን አይሰፋም፣ እማዬ።»

እማዬ «የጉድ አገር ትምህርት» ብላ ገባች። እኔ ከእታለም ጋር ዶሮ ሳባርር፣ አረም ስነቅል ዋልሁ። መሥራቱን አልወደድሁትም፤ እሷ እንድትቀር ግን አጥብቄ እፈልግ ነበር።

ሐምሌ ላይ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ መጣ። ላስቲኩ እዚህም እዚያም ያፈስ ጀመር። እማዬ ሳፋ ይዛ ከክፍል ክፍል ትሮጣለች፤ እታለም ሳፋ እየነጠቀች አበባዎቹ ላይ ለመድፋት ወደ ውጭ ትሮጣለች። እኛ ቤት ያን ያህል ሳፋ ከየት ይመጣል! የመጨረሻውን ይዛ በሩ ላይ ቆመች። ወደ አበባው አየች፣ ወደ ቤቱ አየች። ከዚያ ተመልሳ እማዬ አልጋ ላይ ከሚንጠባጠበው ሥር አስቀመጠችው። ደጅ ያሉት በበረዶው ቅጠላቸው ተበሳሳ፤ ግን አገገሙ።

ነሐሴ ሲያልቅ አበቡ። እንዲያ ያለ ነገር በሰፈራችን ታይቶ አያውቅም። ደም የመሰለ ቀይ፣ ብርቱካንማ፣ ጫፉ ነጭ የሆነ፤ ሁሉም ድንክ፣ ሁሉም ከላይ እስከ ታች አበባ ብቻ። እትዬ ደስታ ለመስቀል ከደመራው አበባ ጋር የምትጨምረው ለመነችና ተሰጣት። ሆቴል ያለው ሰውዬ ለደጃፉ በቆርቆሮ የተተከለ አዘዘ። የሙሽራ ቤት ሊያስጌጡ የመጡም ነበሩ። ጥቅምት ላይ አበባው ዳር ተቀምጠን የባቄላ እሸት እየፈለፈልን ስንበላ፣ እታለም የመጪውን ዓመት ታወራ ነበር። የቷን ከየቷ እንደምታራርቅ፣ የቱን ለገበያ እንደምታባዛ። እኔ አበቃ፣ ቀረች ብዬ ደመደምሁ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ኅዳር በባተ በሳምንቱ ገደማ ሌሊቱን ውርጭ መታው። ጠዋት ስንወጣ አንድም የተረፈ አልነበረም። እታለም ነጠላዋን ተከናንባ ከዳር እስከ ዳር እየተራመደች አንድ በአንድ ነካካቻቸው። በጣት ሲዳስሱት የሚቀልጥ ሆኗል።

«ኸይር ነው» አለች። «መልሱ መጣ።»

እማዬ «በይ እንግዲህ ግቢው ይጠረግ፤ ኅዳር ሊታጠን ነው» አለች። በኅዳር ዐሥራ ሁለት ቆሻሻ ሰብስቦ ማቃጠሉ የእስላሙም የክርስቲያኑም ነው፤ ጭሱ በሽታ ያባርራል ይባላል። በመንገዱ ዳር ያሉትን በማጭድ አጨድን፤ መሬቱ ስለደረቀ ሥሩን ለመንቀል ማንም አልደከመም። የቆርቆሮዎቹን ከነአፈራቸው ጓሮ ደፋናቸው። በዕለቱ ግንዱን ከጥራጊው ጋር አቃጠልነው። እርጥብ ስለነበረ ጭሱ ቀኑን ሙሉ ዓይናችንን ሲያስለቅሰን ዋለ፤ ለማልቀስ ጥሩ ምክንያት ነበር።

በጥር ደሴ ድረስ ሸኘኋት። አቧራው ፊታችንን አልብሶታል። አቀስታ አውቶቡሱ ሲቆም ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር፤ ልጃገረዶች በመስኮት የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ ይሸጣሉ። እታለም ገዝታ ልጣ ሰጠችኝና «ይሄኛው እንኳን ይበላል» አለች። ሁለታችንም ለመሳቅ ሞከርን።

ግንቦት ላይ ዝናቡ ሲጥል በመንገዱ ዳር ቀያይ ቡቃያ አፈሩን ሰነጠቀ። ጓሮ የደፋነውም ሳይቀር ተነሣ። መጀመሪያ ያየችው እማዬ ናት። ጠራችኝና በጣቷ አሳየችኝ፤ ከዚያ እርጥቡ መሬት ላይ ተቀመጠች። እታለም የምትደውልበት ቀን ሲደርስ ቴሌ ሄደን ወረፋ ያዝን።

«እታለም፣ አበባው ተነሣ እኮ! ሥሩ አልሞተም ነበር።»

«ቀዩም?»

«ቀዩም፣ ሁሉም።»

«በይ እማዬን አቅርቢልኝ» አለችኝ። ለእማዬም ስለ ቤቱ ቆርቆሮ ብቻ አወራቻት።

ከዚያ በኋላ ከግቢያችን የኅዳር ጭስ ወጥቶ አያውቅም። እትዬ ደስታ «በሽታ ልታስገቡብን ነው» ብላ ስትቀልድ፣ እማዬ «የእኔ ጭስ ያባረረው ልጄን ነው» ትላት ነበር። «ግቢው ይጠረግ ያልሁት እኔ ነኝ፣ ትንሽ ብታገሥ ልጄ ትቀር ነበር» እያለች ኖረች። ለእታለም ግን በስልክ አንድ ቀን ትንፍሽ አላለችም። አበባውን እንድንከባከብ ያዘዘችኝም እማዬ ናት። እምቢ ማለት አልቻልሁም።

እታለም ጠቅልላ የገባችው ጸጉሯ ሸብቶ፣ እማዬ ከሞተች በኋላ ነው። ባለፈው ጥቅምት አንድ ቀን ባቄላ ስንፈለፍል ደፍሬ ጠየቅኋት።

«ያኔ ባይጠቁር ትቀሪ ነበር?»

«መጀመሪያ የነየትሁት ከልቤ ነበር» አለችኝ። «ግን ቤቱ ቆርቆሮ አልነበረውም እኮ፣ መዲናዬ። ሳፋውን ይዤ በሩ ላይ የቆምሁ ዕለት እንደምሄድ ዐውቄዋለሁ። እንዴት ብዬ እንደምነግራት ነበር የጨነቀኝ። ውርጩ ሲመጣ በሆዴ አላህን አመሰገንሁ። አበባው ነው የሞተው፣ እማዬ ልጄን ሰደድሁ ብላ አትብሰለሰልም ብዬ ቀለል ብሎኝ ሄድሁ። ግንቦት ላይ እንደሚነሣ ማን ነገረኝ!»

እማዬ ይህን ሳትሰማ ሞታለች። አንዷ ለሌላዋ ስትል ዝም አለች፤ እኔ በመሐላቸው አበባ ስኮተኩት አረጀሁ።